ሦስት ቅባት ለዶክተሩ መኪና

መኪና ያለው ሰው ሁሉ ስለ መኪና ይመክራል፤ መኪና የሌለው ደግሞ አብዝቶ ይመክራል። እኔ እስከ ባለፈው ጥር ድረስ ከሁለቱም ወገን አልነበርኩም። ማንንም ከማይሰሙት ወገን ነበርኩ። የዚህ ወገን ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ክብሩ ትልቅ ነው ብዬ አምን ነበር። ዛሬ የማጫውታችሁ ያ ክብር በአንድ ቅዳሜ እንዴት እንደተላጠ ነው።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ ለመኪና ስለሚቀቡ ሦስት ቅባቶች ነው። አንደኛው ፖሊሽ ነው፤ እንደ ጥርስ ሳሙና ወፍራም ሆኖ በጣት ሲያሹት አሸዋ አሸዋ ይላል። ሁለተኛው ሲላንት ይባላል፤ ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ዝናብና አቧራ ይከለክላል ይላሉ። ሦስተኛው ሰም ነው፤ በክብ ጣሳ ይመጣል፤ ሽታው ደስ ስለሚል ዳቦ ላይ ቀባው ቀባው ያሰኛል። ሦስት ነገር በስንት ዓይነት ተራ ሊቀመጥ እንደሚችል ትምህርት ቤት ተምረናል፤ በስድስት ነው። ከስድስቱ አንዱ ትክክል ነው። እኔ ከቀሩት አምስት ውስጥ ዋናውን ስህተት፣ ማለትም ትክክለኛውን ከጭራው ጀምሮ፣ ማንም ሳያስገድደኝ መረጥኩ።

በመጀመሪያ መኪናዬን ላስተዋውቃችሁ። ወይን ጠጅ ቀለም ናት። የሠራትን ፋብሪካ ስም አልጠራም፤ እነሱም ረስተዋታል። ከሰባት ዓመት በፊት ስገዛት ደላላው ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «አንድ ዶክተር ነው የያዛት፤ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት» አለኝ። ዶክተሩን አላየሁትም፤ ስሙንም አልሰማሁም። ለእኔ ግን በቂ ነበር። እንዲያውም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ጨመርኩለት። መጀመሪያ ዶክተር ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የልብ ሐኪም አደረግኩት። በአራተኛው ዓመት ውጭ አገር ልኬ አስተማርኩት። ባለፈው ዓመት ሰፈር ውስጥ ልቅሶ ተቀምጠን፣ «ሰውዬው እኮ ጓንት አድርጎ ነበር የሚነዳት» ስል ራሴን ሰማሁት። ጓንቱ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህን ታሪክ ከማንም በላይ የሰሙት ፊት ለፊታችን ያሉት ጋሽ ኃብቴ ናቸው። ጋሽ ኃብቴ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ኮልፌ ገበያ ትንሽ ነግደው፣ ኋላ ታክሲ ገዝተው፣ ሃያ ስምንት ዓመት ኮልፌንና ጦር ኃይሎችን ሲያገናኙ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ታክሲዋን ሸጠው፣ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ጸሐይ ይሞቃሉ። ስለ ታክሲ ያለኝን አስተያየት በፊታቸው ለመናገር ይሉኝታ ይዞኝ አያውቅም።

«ጋሽ ኃብቴ፣ ታክሲ የነበረ መኪና ነፍሱ የወጣ ነው» እላቸዋለሁ። «ማንም ሲገባበት፣ ማንም በሩን ሲደበድበው የኖረ! የእኔዋ ግን...»

«ዶክተሩ» ይሉኛል ራሳቸውን እየነቀነቁ።

«ዶክተሩ!» እላለሁ እኔ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ይኸው ነው እንግዲህ የሰባት ዓመት ጉርብትናችን። የእሳቸውን ሕይወት በየማለዳው ስረግጥ እሳቸው በየማለዳው «እንዴት አደርክ ልጄ» ይሉኛል። ትዕግሥታቸውን የእርጅና ድካም አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

ታዲያ ባለፈው ጥር የጋሽ ኃብቴ ልጅ ሜሮን ልታገባ ሆነና የሰፈሩ ሰው እሳቸው ቤት ተሰብስቦ የሠርግ ኮሚቴ አቋቋመ። የኮሚቴ ጸሐፊ የሚሆን ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ እስክሪብቶ ስላለው ብቻ የሚመረጥ። የእኛው ጸሐፊ ተነሥቶ ለሙሽራዋ ረጅም ነጭ መኪና እንከራይ አለ። ርዝመቷን በእጁ ሊያሳየን ሲዘረጋ የጎረቤቱን ብርጭቆ ደፋው። እኔ መታገሥ አቃተኝ።

«ሙሽራ ነው የምንድረው ወይስ ቧንቧ ነው የምንዘረጋው?» አልኩ። «ያቺ መኪና የእኛን መታጠፊያ ስትታጠፍ አፏ እዚህ ደርሶ ጭራዋ ጦር ኃይሎች ይቀራል። ደግሞ የሰፈራችን ልጅ በኪራይ ዕቃ ልትዳር ነው? ሜሮን የምትሄደው በዶክተሩ መኪና ነው! የምነዳትም እኔ ራሴ ነኝ!»

ጋሽ ኃብቴ ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ቀጥሎም በመስኮቱ መኪናዬን አዩ። «ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ «በእሷ ትሂድ»። ያንን አተያይ ምስጋና ነው ብዬ ተረጎምኩት። ኮሚቴው ረጅሟን መኪና ሰረዘ፤ እኔም ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ አንድ ጊዜ፣ ለራሴ ሦስት ጊዜ ንግግሬን ደገምኩት።

ችግሩ መኪናዬ አደባባይ የምትወጣ ዓይነት አልነበረችም። ቀለሟ ደብዝዞ፣ ጣሪያዋ ነጣ ነጣ ብሎ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት አቧራ የለበሰች ትመስል ነበር፤ ከቅርብ ሲያዩዋትም ያው ነበረች። ሠርጉ እሁድ ነው። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ጦር ኃይሎች ወርጄ አንድ የመኪና ጌጣጌጥ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ዕቃዎቹን የሚያውቃቸው በክዳናቸው ቀለም ነው። ሦስቱን ቅባቶች ደረደረልኝ።

«የትኛው ነው መጀመሪያ የሚቀባው?» አልኩት።

«ሁሉም ኦሪጅናል ነው።»

«ኦሪጅናልነቱን አልጠየቅኩህም። ተራውን ነው።»

«እሱማ እንደ ፍላጎትህ ነው ብሮ» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ጣሳውን ገልብጬ አየሁት። ጽሑፉ በማላውቀው ፊደል ነው። ከሥሩ ሦስት ሥዕል አለ፤ አንድ እጅ፣ አንድ ጨርቅና አንዲት ጸሐይ። ጸሐይዋ ላይ ትልቅ የመሰረዣ መስመር ተሰምሮባታል። ይህን ሥዕል አስታውሱልኝ፤ እኔ አላስታወስኩትም።

ዓርብ መኪናዋን ላቫጆ ወሰድኳት። ላቫጆ መኪና የሚታጠብበት ቦታ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የእኛ ሰፈር ሊቃውንት ጉባኤ የሚቀመጡበትም ቦታ መሆኑን ግን ላታውቁ ትችላላችሁ። ሦስቱን ቅባት ሲያዩ ሁሉም ተነሡ። አጣቢው «ሦስቱንም በአንድ ጆግ በጥብጠህ ቀባው፣ ትገላገላለህ» አለኝ። ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ባለ ፒካፕ «እኔ ምንም ቀብቼ አላውቅም» ሲል በኩራት ተናገረ፤ ፒካፑን ሳየው እውነቱን መሆኑ አላጠራጠረኝም። ሌላው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፈረንጅ መኪና ሲያሽ አሳየኝ። የፈረንጁ መኪና ገና ማሸት ሳይጀምር ታበራለች። እንደዚያ የምታበራ መኪና ብትኖረኝ ምን አስጨንቆኝ እቀባታለሁ?

ወደ ቤት ስመለስ ጋሽ ኃብቴ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። የያዝኩትን ፌስታል አይተው እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አንድ በአንድ እያነሡ በአፍንጫቸው አሸተቱ፤ ፖሊሹን በሁለት ጣታቸው አሹት።

«መጀመሪያ ይሄን አሸዋማውን ነው» አሉ። «እሱ የሞተውን ቀለም ይሞርድልሃል። ግን በእጅህ፣ በቀስታ። ቀጥሎ ይሄ ቀጭኑ ነው። እሱ ንጹሕ ቀለም ካላገኘ አይዝም፤ ቀባውና ተወው፣ ይረፍ። ሰም መጨረሻ ነው። ሰም ክዳን ነው፤ ከሱ በኋላ ምንም አይቀባም። ደግሞ ጥላ ውስጥ ሥራው።»

«እሺ ጋሽ ኃብቴ» አልኳቸው። በሆዴ ግን እየሳቅኩ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት መኪናቸውን ናፍጣ በነካ ጨርቅ ሲጠርጉ የኖሩ ሰው ስለ ሲላንት ሊያስተምሩኝ! የዶክተር መኪናና የታክሲ መኪና ቆዳው አንድ መሰላቸው?

እኔ የራሴ ሳይንስ ነበረኝ። አስቡት እስቲ። ባለቤቴ ፀጉሯ ሲደርቅባት መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው? ቅቤ ትቀባለች። ፀጉሩ ጠጥቶ ሲለሰልስ ነው ሌላው ሁሉ የሚመጣው። የመኪናዬ ቀለም ደርቋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሰም ይጠጣ። ሊስትሮስ ጫማችንን ሲጠርግ መጨረሻ ላይ የሚያደርገው ምንድን ነው? ፍትጊያ ነው፤ ጫማው የሚያበራው መጨረሻ ላይ ሲፈተግ ነው። ስለዚህ የሚፈትገው ፖሊሽ መጨረሻ ይሁን። ሲላንቱ ደግሞ መሐል ከመግባት በቀር ምን ምርጫ አለው? ይህን ሁሉ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አሰላሁትና በራሴ ተደነቅኩ። ከፀጉር ቤትና ከሊስትሮ ሳጥን የመኪና ሳይንስ ያወጣ ሰው በኮልፌ ቀራኒዮ ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪናዋን በራችን ላይ፣ ጸሐይ መሐል አቆምኳት። ቅቤ በጸሐይ አይደል የሚቀልጠው! ሰሙን በጣሳው ሙሉ አራገፍኩባት። ባለቤቴ ወጥታ አየችን።

«ጋሽ ኃብቴ ሰሙ መጨረሻ ነው አላሉህም?»

«እሳቸው የሚያወሩት ስለ ታክሲ ነው» አልኳት።

ሰሙ ቀለጠ፣ ቀጥሎ ደረቀ፣ ከዚያ እንደ ተቃጠለ ወተት ግንባሯ ላይ ተጋገረ። እኔ ግን እየጠጣች ነው ብዬ ሲላንቱን ደረብኩበት። ሲላንቱ ሰሙ ላይ ሲያርፍ የሚይዘው አጣ። ጠብታ ጠብታ ሆኖ ተንከባለለ፣ በበሮቹ ላይ ተዝረክርኮ ወረደ፣ በወረደበትም ነጭ መስመር ሆኖ ቀረ። ጋሽ ኃብቴ ከበርጩማቸው አንድ ጊዜ ቀና አሉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠርገው መልሰው አደረጉት፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ምሳ ሊበሉ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰዓቱ ገና አራት ተኩል ነበር።

ቀረችኝ ፖሊሿ። በጨርቅ ብፈትግ፣ ብፈትግ፣ የተጋገረው ሰም ንቅንቅ አልል አለ። ያኔ ነው ሁለተኛው ሳይንስ የመጣልኝ። ከእኛ በታች አንድ የብረታ ብረት ቤት አለ፤ የበር ብረት የሚያበሩበት፣ ጭንቅላቱ ላይ ጨርቅ ያለው የሚሽከረከር ማሽን አላቸው። ሄድኩና አውሱኝ አልኩ።

«ለምንድን ነው?» አለኝ ባለቤቱ።

«ለብረት» አልኩት። መቼም አልዋሸሁም።

ማሽኑ ሲነሣ ሰፈሩ ሁሉ ጮኸ። ሰሙ በነነ፣ ሲላንቱ በነነ፣ ፖሊሹ ፊቴ ላይ ተረጨ። ከዚያ ግን አበራ! አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ወይን ጠጁ እንደ አዲስ አበራና እኔም ጮኽኩ። ባለቤቴ በሩጫ ወጣች። ሸሚዜ፣ እጄ፣ አንገቴ በቀይ ተለውሷል።

«አንተ ሰው፣ ምንህን ቆረጠህ?»

«ምንም አልሆንኩም። የመኪናዋ ቀለም ነው» አልኳት እየሳቅኩ።

«ታዲያ መኪናዋ ላይ ምን ቀረ?»

ሴት ልጅ ሰው ሲደሰት አትወድም ብዬ ማሽኑን ይበልጥ ተጫንኩት። ኮፈኑ መሐል ላይ ወይን ጠጁ ሳሳ፤ ከሥሩ ጋራዥ ከቀለም በፊት የሚለስነው ግራጫ ስቱኮ ታየ። ቆሻሻ ነው ብዬ ተጫንኩት። ስቱኮው ለቀቀ። ከሥሩ ሰማያዊ መጣ።

ሰማያዊ ስላችሁ ዝም ብሎ ሰማያዊ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በዝናብ ሲሮጥለት፣ በሩን ይዞ ሲለምነው፣ ጥሎት ሲሄድ ሲረግመው የኖረው ሰማያዊ ነው። የምሳ ትሪ የሚያህል ቦታ ኮፈኔ ላይ ተዘርግቶ ያየኛል። ውሸት መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ማሽኑን ወደ ጣሪያው ወሰድኩትና አንድ ጥግ ላይ ነካ አደረግኩት። ነጭ ወጣ። ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ።

«ምናልባት» አልኩ፣ «ዶክተሩ ሰማያዊ ይወድ ይሆናል።»

«ጣሪያውስ?» አለች ባለቤቴ።

«የሙያ ልብሱ ነጭ አይደል?»

«ጓንቱስ?» አለችና ወደ ቤት ገባች። ከውስጥ ሳቋ ለብዙ ጊዜ ይሰማኝ ነበር።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሜሮን በዚህች መኪና ወደ ሠርጓ ልትሄድ ነው። ሌላ መኪና የለም፤ እንዳይኖር ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጋራዥ ደወልኩ፤ ሁለቱ አላነሡም፤ ሦስተኛው «ማክሰኞ አምጣት» አለኝ። የኮሚቴውን ጸሐፊ እስከ መለመን ደረስኩ። ረጅሟ ነጭ መኪና በዚያው ሳምንት ሌላ ሙሽራ ይዛታለች፤ በጥር መኪና ሥራ ፈትቶ ይቆማል እንዴ? ይህን ሲነግረኝ በድምፁ ውስጥ የነበረውን ደስታ ሰማሁት፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ከዚያ የባሰ እደሰት ነበር። ደረቴን ነፍቼ ባወራሁት ወሬ የሰው ልጅ ሠርግ ማበላሸቴ ነው። የመኪናዋ የፊት መከላከያ ላይ ተቀመጥኩና ማልቀስ አማረኝ።

ቀና ስል ጋሽ ኃብቴ ፊቴ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ያረጀ ለስላሳ ጨርቅ፣ በሌላው ሳሙና ያለበት ባልዲ ይዘዋል። ሰማያዊውን አዩት። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ጋሽ ኃብቴ፣ ደላላው ነው እንዲህ ያደረገኝ» አልኩ። «እኔ እኮ አላወቅኩም ነበር።»

«እኔ አውቅ ነበር» አሉኝ።

«መቼ?»

«ገና ገዝተሃት ያመጣሃት ቀን። ጣሪያው ላይ አራት ቀዳዳ ተደፍኗል፤ የታክሲ ምልክቱ የታሰረበት ነው። እኔ የራሴን ስንት ጊዜ ፈትቼ አስሬዋለሁ፣ አጣዋለሁ?»

«ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ዶክተሩን እንደዚያ ስትወደው ጊዜ፣ ምን ልበልህ?»

ጆሮዬ ሥር ድረስ ጋለኝ። በየማለዳው ያልኳቸው ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ፤ ነፍሱ የወጣ፣ ማንም የሚደበድበው፣ ማንም የሚገባበት። እሳቸው ይህን ሁሉ የሚሰሙት አንዲት ታክሲ ፊት ለፊታቸው አቁሜባቸው ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ልጅዎን እንድወስድባት ግን እንዴት እሺ አሉኝ? እያወቁ?»

«እያወቅኩ ነዋ።» ጨርቃቸውን ሳሙናው ውስጥ ነክረው ጨመቁት። «ሜሮንን ያበላት ይሄ ቀለም ነው፤ ያስተማራትም ይሄው ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጎኔ ተቀምጣ ሰው የምትጠራው እሷ ነበረች። በታክሲ ልዳራት ብል ኮሚቴው እሺ ይለኛል? አንተ ስትነሣ ጊዜ፣ ይሄስ ከላይ የመጣ ነው አልኩ። አንተ ዶክተርህን ይዘህ ትደሰታለህ፤ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ እደሰታለሁ። ማን ይጎዳል? በል ተነሥ፣ መጀመሪያ ይሄን ሰም እናጥበው።»

ተነሣሁ። መኪናዋን ገፍተን ወደ ግድግዳው ጥላ አስገባናት። ሰሙን በሳሙና አጠብነው። የቀረችውን ፖሊሽ ማሽኑ ያልነካው ቦታ ላይ በእጅ፣ በቀስታ፣ እየዞርን አሸን። ጠረግነው። ሲላንቱን በስሱ ቀባንና ጋሽ ኃብቴ «ይረፍ» ብለው አስቀመጡኝ። መቀመጥ እንደዚያ የሚከብድ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ልነካው ስነሣ ሁለት ጊዜ እጄን መቱኝ። በመጨረሻ ጣሳው ጥግ ላይ የቀረችውን ሰም ከደኑባት። ሰማያዊው ላይ ሲደርሱ ከሌላው ቦታ እጥፍ ጊዜ ፈጀባቸው። ሲጨርሱ ወይን ጠጁም ሰማያዊውም እኩል ያበራ ነበር፤ እንዲያውም ሰማያዊው ያይል ነበር።

ሰው የሚማር ፍጡር ነው ይባላል። እኔ ግን እሁድ ጠዋት ስነሣ የመጀመሪያ ሐሳቤ ሰማያዊውን መሸፈን ነበር። ጋሽ ኃብቴ «ተወው» ቢሉኝም፣ የሰፈሩ ሰው ምን ይለኛል ብዬ መኪናዋን በአበባ ልታስጌጥ የመጣችውን የዲኮር ልጅ ትልቁን አበባ በትክክል እዚያች ላይ አድርጊልኝ አልኳት። ፕላስተሩን ለጠፈችው፤ ተላቀቀ። አበባውን የሚይዘውን የጎማ መምጠጫ ጫነችው፤ እየተንሸራተተ ወረደ። ሌላ ፕላስተር አመጣች።

«ምንድን ነው የቀባኸው?» አለችኝ ተናዳ።

«ሰም። መጨረሻ ላይ» አልኳት።

«ሙሽራ መኪና ላይ ሰም የሚቀባ ሰው ገና አሁን አየሁ!»

ይኸውላችሁ። ትክክለኛውን ተራ ብጠብቅም ሰደበችኝ። ብቻ እንደምንም በሪባን ጎትታ ከግራና ከቀኝ መስተዋቱ ጋር አሰረችው። ሰማያዊው ተሸፈነ፤ እኔም ክራቫቴን አስተካከልኩ።

አራት ሰዓት ላይ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣ፤ ተዘፈነ፤ ሜሮን ወጣች። ከኋላ ሙሽራውና ሜሮን፣ ከፊት ዋናው ሚዜና እኔ። ጋሽ ኃብቴ ልጃቸውን መርቀው አሳፈሯትና ኮፈኑን አንድ ጊዜ በመዳፋቸው ነካ አድርገው ከአጃቢዎቹ ጋር ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። አዳራሹ ቤቴል ነው። ጥሩምባ እየነፋን ኮልፌን ወረድን። እኔ በየመንገዱ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እየነቀነቅኩ ሰላምታ እሰጥ ነበር፤ ሰዉ ግን ሰላም የሚለው ሙሽራዋን ነው።

ጦር ኃይሎች ልንደርስ ስንል መንገዱ ላይ ያለችውን ጉብታ በደስታ ብዛት ሳላያት ዘለልኳት። ሪባኑ ተበጠሰ። አበባው ሰሙ ላይ ሽር አለ፣ በግራ በኩል ወረደ፣ ከኋላችን የነበረው የካሜራ ሰው መኪና ሄደበት። ይባስ ብሎ መንገዱ ተዘጋጋና ልክ ፌርማታው ፊት ለፊት ቆምን። ጸሐይዋ ኮፈኑ ላይ አርፋ ሰማያዊው እንደዚያ አብርቶ አያውቅም። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ የለፋሁት ለዚህ ነበር።

ፌስታል የያዙ አንዲት እናት ከወረፋው ተነጥለው መጡ። ኮፈኑን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፤ የመኪናዬን በር ያዙና ጎንበስ አሉ።

«አየር ጤና ነህ ልጄ?»

የሠርግ መኪና ነው ማለት ስችል አፌ በለመደው መንገድ ሄደ። «እማማ፣ ይቺ እኮ የግል መኪና ናት! አንድ የልብ ዶክተር ነው...»

ከኋላዬ መስኮቱ ሲወርድ ሰማሁ። ሜሮን ከነቬሏ እስከ ወገቧ ወጣች። ያ የሙሽራ ድምፅ አልነበረም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ኮልፌንና ጦር ኃይሎችን ያገናኘ ቤት ውስጥ ያደገ ድምፅ ነበር።

«ሞልቷል እማማ! ሞልቷል!» አለችና በሩን በመዳፏ ሁለት ጊዜ ደብደብ አደረገችው። «ሳበው ጋሼ!»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ፤ ሴትዮዋም እልል አሉ። በመስተዋቱ ሳይ ጋሽ ኃብቴ ከሚኒባሱ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ያጨበጭባሉ።

ሳብኩት። ዶክተሩን ግን እዚያው ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ አወረድኩት፤ እስካሁን ተመልሶ አልተሳፈረም።